አጥንቱ ወሎ፣ ወለሉ ቤይሩት

እህቶች፣ በማኅበራችን የእሑድ ንባብ እስካሁን ያነበብነው ልብ ወለድና ግጥም ነበር። ዘንድሮ ግን አንዷ እህታችን ከእንግሊዝኛ ትምህርቷ ያገኘችውን የሳይንስ ጽሑፍ ቅጂ ይዛ መጣች። «ስለ ምንድን ነው?» ስንላት «ስለ ሴቶች አጥንት» አለችን። ግማሾቻችን ሳቅን። «ስድስት ቀን አጥንታችን ሲንኮታኮት ሰንብቶ ደግሞ በእረፍታችን ስለ አጥንት እናንብብ?» ያለችም ነበረች። ጽሑፉ ጥቂት ገጽ ነው፤ እኛ ግን አራት እሑድ ፈጀብን። አንዷ ታነባለች፣ ሁለቱ ይተረጉማሉ፣ የቀረነው እንከራከራለን። በአራተኛው እሑድ የሳቀች አልነበረችም።

ጽሑፉ «የአቡ ሁረይራ አንደበተ ርቱዕ አጥንቶች» ይባላል። ጸሐፊዋ ለንደን በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሰው አጥንት ያጠኑ የነበሩት ቴያ ሞሌሰን ናቸው። የወጣው «ሳይንቲፊክ አሜሪካን» በተባለው መጽሔት፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1994 ነው። እኔ እዚህ የምጽፈው ጽሑፉን ለማሞገስ ብቻ አይደለም። ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ እንድታነቡትም እመክራለሁ። ግን አንድ ጥያቄ ሳይነካ ያልፋል፤ ያ ጥያቄ ደግሞ የኛ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው ልንገራችሁ። ከቤይሩት ወጥታችሁ በበቃዕ ሸለቆ ያለፋችሁ «ተል» ብለው የሚጀምሩ የቦታ ስሞች ሰምታችሁ ይሆናል። ተል ማለት በዓረብኛ ጉብታ ነው። አንዳንዱ ጉብታ ግን እግዜር የሰራው ኮረብታ አይደለም። ሰው በጭቃ ጡብ ቤት ይሰራል፣ ቤቱ ያረጃል፣ ይፈርሳል፤ ልጆቹ ፍርስራሹን ደልድለው በላዩ ሌላ ይሰራሉ። የልጅ ልጆቹም እንዲሁ። ይሄ በሺህ ዓመት ሲባዛ ሜዳው ተራራ ያክላል። እንግዲህ ተል ማለት በቤት ላይ ቤት፣ በምድጃ ላይ ምድጃ ተደራርቦ የቆመ የኑሮ ክምር ነው።

አቡ ሁረይራ እንዲህ ያለ ጉብታ ነው። ያለው ሶሪያ ውስጥ፣ በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር ነው፤ ያለው ከምል የነበረው ብል ይሻላል። ሶሪያ በወንዙ ላይ የታብቃን ግድብ ስትሰራ ከግድቡ ጀርባ የሚተኛው ውሃ አካባቢውን እንደሚያጥለቀልቅ ታወቀ። ስለዚህ በአንድሪው ሙር የሚመራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 ተሽቀዳድሞ ቆፈረ። ጊዜው ሁለት ወቅት ብቻ ስለነበር ከሰፊው ጉብታ የተቆፈረው ጥቂቱ ነው። ከዚያ የአሳድ ሐይቅ መጣና ሸፈነው። ዛሬ ማንም ሄዶ «አንዴ ልድገመው» ማለት አይችልም።

በዚያች አጭር ጊዜ የተገኘው ግን ብዙ ነው። ሰዎች እዚያ መኖር የጀመሩት ከ13,000 ዓመት በፊት ገደማ፣ ገና ሲያድኑና የዱር ፍሬ ሲለቅሙ ነው። በኋላ የመጡት ደግሞ ስንዴና ገብስ፣ ምስርም ያመርቱ ነበር፤ በግና ፍየልም አረቡ። ቆፋሪዎቹ አፈሩን በውሃ እየበጠበጡ የከሰለ ፍሬ ለቀሙ። ይሄንን ስናነብ ሁላችንም ገባን፤ ምስር ስታጥቡ ገለባው ሲንሳፈፍና ጠጠሩ ሲዘቅጥ አይታችሁ የለ? ያው ነው። ጎርደን ሂልማን የተባሉት የዕፅዋት ሊቅ በዚህ መንገድ ከ150 የሚበልጡ የሚበሉ ዕፅዋት ዓይነቶችን ለዩ። ሰዎቹ ሙታናቸውን ከቤታቸው ወለል ስርና ከቤታቸው አጠገብ ይቀብሩ ስለነበር ብዙ የሰው አጥንትም ወጣ። ሞሌሰን ያጠኑት ያንን ነው።

አሁን ወደ ጽሑፉ ልግባ። ሞሌሰን የሚጀምሩት ከእግር አውራ ጣት ነው። የጣቱ መገጣጠሚያ ተበልቷል፣ ተበላሽቷል። ጣቱ ወደ ላይ ታጥፎ ረጅም ሰዓት ክብደት ተሸክሞ እንደኖረ አጥንቱ ያሳያል። ቀጥሎ ጉልበት፤ በተደጋጋሚ መንበርከክ የተወው ምልክት አለበት። ቀጥሎ የጀርባ አጥንት፣ ከወገብ ከፍ ብሎ ያለው፤ እሱም ተጎድቷል። የጭን አጥንቱ ጎብጧል፣ ደንድኗል። ጡንቻ የሚያያዝበት የክንድ አጥንት ደግሞ ጎልቶ ወጥቷል፤ ክንዱ ብርቱ ነበር ማለት ነው። ጣት፣ ጉልበት፣ ጀርባ፣ ክንድ፤ አራቱን አንድ ላይ የሚጎዳ ምን ዓይነት ስራ ነው?

አንባቢያችን እዚህ ላይ ስትደርስ ወረቀቱን አስቀመጥነው። አንዷ እህታችን ምንም ሳትናገር ተነስታ የአዳራሹ ወለል ላይ ተንበረከከች። የእግር ጣቶቿን ወደ ፊት አጥፋ ተረከዟ ላይ ተቀመጠች፤ ሁለት እጇን ዘርግታ ወደፊት ገፋች፣ ሳበች፣ እንደገና ገፋች። «ወፍጮ!» አልን ባንድ ድምፅ። የሞሌሰን መልስም እሱ ነው። ከጉብታው የወጡት የወፍጮ ድንጋዮች መሬት ላይ የሚቀመጡ ናቸው፤ የሚፈጨው ሰው ከፊታቸው ተንበርክኮ መጁን በሁለት እጁ እየገፋ ነው። ተንበርክካ የነበረችው ልጅ ስትነሳ መጀመሪያ የያዘችው የእግር ጣቷን ነው። እሷ ሁለት ደቂቃ ነው የሰራችው። የአቡ ሁረይራዋ ሴት በየቀኑ፣ ለሰዓታት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ነበር።

ጸሐፊዋ ከዚህ ሌላም ያነባሉ። ጥርሶቹ ተሰባብረዋል፤ በድንጋይ የተፈጨ እህል አሸዋና ያልደቀቀ ፍሬ አይጠፋውም። በኋለኛው ዘመን ወንፊት መጣ፣ የሸክላ ድስትም መጣ። ዱቄቱ ሲነፋ ጥርስ ዳነ፤ ድስት ሲገኝ ለሕፃን የሚሆን ለስላሳ ገንፎ መስራት ተቻለ። ጥቂት ሰዎች የፊት ጥርሳቸው ላይ ቦይ አላቸው፤ ቅርጫት ሲሰሩ ስንደዶ የመሰለ ነገር በጥርሳቸው እየያዙ ስለሳቡ ነው ይላሉ። የአንዳንዶቹ የአንገት አጥንት ደግሞ ከባድ ነገር በራስ ላይ ከመሸከም ተጎድቷል፤ ገና ያልጎለመሱት ሳይቀሩ። አንድም ጽሑፍ ከሌለበት ዘመን የአንዲት ሴት ውሎ እንዲህ ተለቅሞ ይወጣል። እኔ የጽሑፉ ትልቁ ዋጋ ይሄ ነው እላለሁ። ንጉሥ የለበትም፣ ጦርነት የለበትም። ዱቄት የማን ድካም እንደሆነ ይናገራል፤ ሲናገርም አያለቃቅስም፣ አጥንቱን ይቆጥራል እንጂ።

ይሁን እንጂ በጭብጨባ ብቻ አልጨረስነውም። ሦስት ቅሬታ አለኝ።

የመጀመሪያው የምሁራን ክርክር ነው፤ እኛም ልናውቀው ይገባል። አጥንት አይቶ ስራን መናገር ቀላል አይደለም። ሮበርት ጀርሜይን የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት መጽሐፍ በዚህ ዓይነቱ ንባብ ላይ ጠንካራ ጥንቃቄ ጠይቀዋል። መገጣጠሚያ በስራ ብቻ አይበላም፤ በዕድሜም፣ በተፈጥሮም፣ በክብደትም ይበላል። የተሰባበረ አጥንት ሲሆን ደግሞ የሴት ነው የወንድ ነው ብሎ መለየት ራሱ ያስቸግራል፤ ትንሽ አጥንት ሁሉ የሴት አይደለም። ስለዚህ «ፈጪዎቹ በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ» የሚለውን ማመዛዘን ያስፈልጋል። እኔ ግን ሞሌሰንን የማምናቸው በአንድ ጣት ላይ ስላልቆሙ ነው። ጣትን ከጉልበት፣ ጉልበትን ከጀርባ ያገናኛሉ፤ ከዚያ ሁሉንም እዚያው ጉብታ ውስጥ ከተገኘው ድንጋይ ጋር ያገናኛሉ። አጥንቱና ድንጋዩ አንድ ቦታ መገኘታቸው ነው ክርክሩን ያቆመው። ይሄን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ቅሬታ እኛ ብቻ ልናነሳው የምንችለው ነው። ከኛ መሃል ገጠር ያደግን አለን። የኔ አያት ወፍጮ ከመሬት ላይ አልነበረም፤ በጭቃና በድንጋይ የተሰራ መደብ ላይ ተተክሎ ነበር። አያቴ ከመደቡ ፊት ቆማ፣ ከወገቧ ጎንበስ ብላ ነው የምትፈጨው። በእግር ጣቷ ስትቸገር አይቼ አላውቅም። ወገቧና ትከሻዋ ነበር የሚያሰቃያት፤ ማታ ማታ «እስቲ ረግጠሽ እሺልኝ» እያለች ፊቷን ደፍታ ትተኛ ነበር። ውሃም በጀርባ እንጂ በራስ አትሸከምም። ስለዚህ የኔን አያት አጥንት ሞሌሰን ቢያገኙ ጣቱ ደህና ነውና «ይቺ ሴት አልፈጨችም» ይሉ ነበር? አይሉም ይሆናል። ነገሩ ግን ይሄ ነው፦ ስራው አንድ ሆኖ ወፍጮው በክንድ ያህል ከፍ ሲል ሕመሙ ከእግር ወደ ወገብ ይዛወራል። ወፍጮውን ማን ከፍ አደረገው? መደቡን መጀመሪያ የሰራው ወይም ያሰራችው ማን ናት? በአቡ ሁረይራ ሰዎች በሺህ በሚቆጠር ዓመት ውስጥ ወንፊት አመጡ፣ ድስት አመጡ። ጥርስ እንዴት እንደዳነ ጽሑፉ ይነግረናል። ለፈጪዋ ጉልበት የታሰበ ነገር ይኖር እንደሆነ ግን እኔ አንብቤ ስጨርስ አሁንም እጠይቃለሁ። ዱቄቱ ሲሻሻል የሚጠቀመው የሚበላው ሁሉ ነው። መደቡ ከፍ ሲል የምትጠቀመው ግን የምትፈጨው ብቻ ናት።

እዚህ ላይ አንድ የታዘብኩት ነገር ልጨምር። ስለ አቡ ሁረይራ በዚያው መጽሔት ሦስት ጊዜ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1979 ሙር ራሳቸው ስለ መንደሩ ጻፉ። በ1987 ሌግና ሮውሊ ኮንዊ የተባሉ ምሁራን ሰዎቹ ሚዳቋ እንዴት በመንጋ ያርዱ እንደነበር ጻፉ። በ1994 ነው የሴቶቹ ጣትና ጉልበት ተራ የደረሰው። መጀመሪያ ቤቱ፣ ቀጥሎ ስጋው፣ በመጨረሻ ዱቄቱ። በክፋት ነው አልልም፤ እያንዳንዱ ምሁር በየሙያው ያገኘውን ነው የጻፈው። በ2020 ደግሞ ጉብታው እንደገና ዜና ሆኖ ነበር፤ የዚያን ጊዜው ወሬ ከሰማይ የመጣ አካል በአካባቢው ላይ ፈንድቶ ይሆናል የሚል ነው፤ እሱም ገና ያከራክራል። ሰማይ ሲፈነዳ ሁሉም ይሰማል። የጉልበት አጥንት ግን ሲበላ ድምፅ የለውም።

ሦስተኛውና ዋናው ቅሬታዬ ይሄ ነው። ጽሑፉ ማን ፈጨች፣ እንዴት ፈጨች፣ ምን ጎዳት ብሎ ይጠይቃል። ለማን ፈጨች ብሎ ግን አይጠይቅም። ለልጆቿ? ለባሏ እናት? ወይስ ለሌላ ቤት? «ቤት ውስጥ የምትፈጭ ሴት» ሲባል አንባቢ ሁሉ የገዛ ቤቷ ውስጥ ያስቀምጣታል። እኛ ግን ቤት ውስጥ መስራትና በራስ ቤት መስራት የተለያየ መሆኑን ከማንም በላይ እናውቃለን። ለልጅሽ ስትፈጪ ጉልበትሽ ሲቆረጥም ትተይዋለሽ፤ ነገ ትቀጥያለሽ፤ ጎረቤት ታግዝሻለች፤ ትዘፍኛለሽ፤ ትስቂያለሽ። አያቴ ወፍጮ ላይ ሆና ያላንጎራጎረችበትን ቀን አላስታውስም። ለሌላ ስትፈጪ እረፍቱን የሚወስነው ሌላ ነው። ለአጥንት ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። እንጉርጉሮ አጥንት ላይ አይቀርም፤ ስድብም አይቀርም።

እርግጥ ነው፣ ከ9,000 ዓመት በላይ የሆነው አጥንት ለማን እንደፈጨ ሊናገር አይችልም ትሉኛላችሁ። እስማማለሁ። እንዲህ ከሆነ ግን ርዕሱ ላይ «አንደበተ ርቱዕ» ማለት ምን አስፈለገ? አጥንት ርቱዕ አይደለም። የጠየቁትን ያህል ብቻ የሚመልስ፣ ከዚያ ዝም የሚል ምስክር ነው። ሞሌሰን «መልሱ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ከዚህ ወዲያ አጥንት አያውቅም» የሚል አንድ አንቀጽ ቢጨምሩ ኖሮ ጽሑፋቸው ይበልጥ ሙሉ ይሆን ነበር።

ይሄን ነገር ለምን እንዲህ እንደማጠብቀው ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት ቀኝ ጉልበቴ አበጠ። መቼም የኛን ስራ ታውቁታላችሁ፤ መወልወያ እያለ እንኳ «ጥግ ጥጉን በእጅሽ» ይባላል። በረንዳ፣ ደረጃ፣ የመታጠቢያ ቤት ወለል። አንድ ቀን ከወለሉ መነሳት አቃተኝና ማዳም ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ወስዳኛለች፣ ከፍላለች። ሐኪሙ ጉልበቴን ነካካና «ስራዋ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። የጠየቀው እሷን ነው። እሷም «ቤት ናት፣ ከባድ ነገር አትሰራም» አለችው። እኔ ዓረብኛ እሰማለሁ። አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። ሐኪሙ ጻፈ። ወረቀቱን በኋላ ለምታነብ ጓደኛዬ ሳሳያት ክብደት እንድቀንስ የሚል ነው ያለው። ስለ ወለል አንድ ቃል የለበትም።

እንግዲህ አስቡት። አቡ ሁረይራ ያለችው ሴት ከሞተች በኋላ አንዲት ምሁር የጣቷን አጥንት በእጃቸው ይዘው «ይቺ ሴት ምን ስትሰራ ኖረች?» ብለው በትዕግስት ጠየቁላት። እኔ በሕይወት እያለሁ፣ አንደበት እያለኝ፣ ሐኪም ፊት ተቀምጬ የጠየቀኝ የለም። ምሁሯን ለማማት አይደለም የምለው፤ እንዲያውም ያቺን ጥያቄ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከዚህ ጽሑፍ በፊት ጉልበቴ «የኔ በሽታ» ነበር። ካነበብኩት በኋላ የስራዬ ማኅተም መሆኑን አወቅሁ።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኩት ነገር ልመለስ። የሞሌሰን ክርክር የቆመው አጥንቱና ወፍጮው አንድ ጉብታ ውስጥ ስለተገኙ ነው ብያለሁ። ሴትየዋ በሰራችበት መንደር፣ ምናልባትም ተንበርክካ በፈጨችበት ቤት ወለል ስር ነው የተቀበረችው። የሺህ ዓመታት ጭቃ ሁለቱን አንድ ላይ ጠበቀ። እኛስ? እኛ ዕድሜያችንን እዚህ እንጨርስና ወደ አገር እንመለሳለን። ሳይደርስባት የቀረች እህታችንንም መዋጮ አሰባስበን አስከሬኗን እንሸኛለን። አጥንታችን የሚያርፈው ወሎ ነው፣ ጅማ ነው፣ ጎጃም ነው። የወለወልነው ወለል ግን ቤይሩት ይቀራል፤ እሱም እንደጠራ፣ ማን እንዳጠራው ሳይታወቅ። ከብዙ ዘመን በኋላ ወሎ ውስጥ አንድ ሰው ጉልበቴን ቆፍሮ ቢያገኝ በዙሪያው የሚያየው ማረሻና ምጣድ ነው፤ የቤይሩትን ደረጃ ከየት ያመጣል? ቤይሩት ላይ የሚቆፍረውም ወለሉን ያገኛል፤ ጉልበቴን አያገኝም። የስደተኛ ሴት አጥንትና ስራዋ ሁለት አገር ነው የሚቀበሩት። በሞሌሰን ዘዴ እኛን የሚያነበን የለም።

ጽሑፍም ላይ አንገኝም። የሊባኖስ የስራ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣ ነው፤ አንቀጽ 7 የቤት ሰራተኛን ከሕጉ ውጭ ያደርጋታል። ስለዚህ የስራ ሰዓታችንም፣ በስራ የደረሰብን ጉዳትም በሌላው ሰራተኛ መንገድ አይመዘገብም። የአቡ ሁረይራ ሴት ያልተጻፈላት ጽሑፍ ስላልነበረ ነው። የኛ ግን ጽሑፍ በሞላበት ዘመን፣ ኢቃማ፣ ፓስፖርት፣ ኮንትራት፣ የሐኪም ወረቀት ተብሎ ሁሉ ነገር በሚጻፍበት ዘመን ነው ያልተጻፈው።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብቡ ስላችሁ ለእውቀት ብቻ ብዬ አይደለም። ካነበብነው ወዲህ በማኅበራችን አንድ ነገር ጀምረናል፤ ትንሽ ነገር ነው። እያንዳንዳችን ደብተር ይዘናል፤ ደብተር ያልተመቻት በስልኳ ድምፅ ትቀዳለች። ቀኑን፣ የሰራነውን፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ተንበርክከን ይሁን ቆመን፣ የት እንዳመመን እንጽፋለን። ለማን እንደሰራንም። ያን ሞሌሰን ያልጠየቁትን ጥያቄ መልሱን እኛው እንሙላው ብለን ነው። መጻፍ የማትችለው እህት ትናገራለች፣ የምትችለው ትጽፍላታለች። ሐኪም ጋ ስንሄድም ለራሳችን የምንመልስበትን ዓረብኛ እየተለማመድን ነው፤ «ሪክብቲ ዓም ብቱጃዕኒ» ማለት ጉልበቴን ያመኛል ማለት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር ይከብዳል፤ «በየቀኑ ወለል ላይ ተንበርክኬ ስለምሰራ» የሚለው። ቃሉ አይደለም የከበደን፤ ማዳም አጠገባችን ቆማ እያለች መናገሩ ነው። እኔም ገና አልተናገርኩትም። በሚቀጥለው ወር ቀጠሮ አለኝ።

ስለ ጽሑፉ የመጨረሻ ፍርዴን ብጠየቅ እንዲህ እላለሁ። የአቡ ሁረይራ ጉብታ ዛሬ ውሃ ውስጥ ነው፤ ዳግም አይጠየቅም። ሞሌሰን ከዚያ ከወጣው ትንሽ አጥንት ብዙ አወጡ፤ ሴትን ከስራዋ ጋር አገናኙ፤ ድካሟን ከተፈጥሮ ሕመም ለዩ። ያልጠየቁት ጥያቄ ቢኖርም መንገዱን ያሳዩን እሳቸው ናቸው። ስታነቡት ብቻችሁን አታንብቡት። ሰብሰብ ብላችሁ አንብቡት፤ ጣት ላይ ስትደርሱ አንዳችሁ ወለል ላይ ተንበርከኩ። ከዚያ ተነስታችሁ መጀመሪያ ምን ላይ እጃችሁን እንዳሳረፋችሁ ጻፉ።